የዶዘር ድምፅ የሚያስደነግጠው ተማሪ

ጥያቄ፦ በለገዳዲ አስተማሪ ነኝ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች ሲፈርሱ ትንሽ ልጅ የነበረ አንድ ተማሪዬ፣ ዛሬም የዶዘር ድምፅ ሲሰማ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እስክሪብቶውን ጥሎ ወደ በሩ ያያል። እንዲህ ያሉትን ለመርዳት ሁለተኛ ዲግሪ ልማር አስቤያለሁ። የት ልማር? እስከዚያስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ማስተዋልዎ በራሱ ትልቅ እርዳታ ነው። አእምሮ ከአደጋ ጋር ያያያዘውን ድምፅ እንደ አዲስ አደጋ ሊቆጥረው ይችላል። ቅዠት፣ ድንጋጤና ያንን ጊዜ የሚያስታውስን ነገር መሸሽ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ኑሮውን ካወኩ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ክፉ ያየ ሁሉ ግን አይታመምም፤ ብዙዎች በቤተሰብና በጎረቤት ድጋፍ ያገግማሉ።

ለትምህርቱ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ፣ ጎንደር በክሊኒካል ሳይኮሎጂ፣ ጅማ ደግሞ በተቀናጀ የክሊኒክና የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ። የመግቢያ መስፈርታቸውን አስቀድመው ያጣሩ። በተለይ በባለሙያ ክትትል ሥር ከታካሚዎች ጋር የሚደረግ የተግባር ልምምድ መኖሩን አጥብቀው ይጠይቁ፤ ንድፈ ሐሳብ ብቻውን ለዚህ ሥራ አያበቃም።

እስከዚያ ልጁ የሆነውን እንዲተርክ አያስገድዱት። ድምፁ ሲመጣ አጠገቡ ቆመው በዝግታ ያነጋግሩት፤ ማውራት ሲፈልግ ሳያቋርጡ ያድምጡት። ከወላጆቹ ጋር ተመካክረው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት፤ ካስፈለገ ከዚያ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል።