ፔኒሲሊን የፍየልን ሳንባ በሽታ ስለምን አይፈውስም?

በወሰን ላይ ባለችው በኬንያዋ ሞያሌ ፍየል የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ነው። ይህን ሀብት ከሚያጠፉት ደዌዎች አንዱ ተላላፊው የፍየል ሳንባ በሽታ ነው። የተያዘችው ፍየል ትተኩሳለች፣ ትስላለች፣ ትንፋሽም ያጥራታል። አንዳንድ አርቢዎች ፔኒሲሊን ያስወጋሉ፤ ነገር ግን አያድናትም። ምክንያቱ የሚከተለው ነው።

አብዛኛዎቹ ባክቴሪያዎች ገላቸውን የሚጠብቅ ግድግዳ አላቸው። ለግድግዳው ሥራ ዲ-አላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ያስፈልጋቸዋል። ይህንንም ተራውን አላኒን ገልብጦ የሚያዘጋጅላቸው አላኒን ራሴሜዝ የተባለ ኤንዛይም ነው፤ ኤንዛይሙም የሚሠራው በባክቴሪያው ጂን መመሪያ ነው። ፔኒሲሊን በዲ-አላኒን አምሳል ገብቶ የግድግዳው ክሮች እንዳይያያዙ ያግዳል፤ ባክቴሪያውም ፈርሶ ይሞታል። አባ ሰንጋ በጊዜው ሲታከም በፔኒሲሊን የሚድነው ስለዚህ ነው።

የፍየልን ሳንባ በሽታ የሚያመጣው ግን ማይኮፕላዝማ ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በኬንያ ተለይቶ ታወቀ። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን የሚያፈርሰው ነገር አያገኝም።

ስለዚህ አርቢው የምታስለውን ፍየል ከመንጋ ይለይ፣ ወደ ገበያ አይንዳት፣ ለእንስሳት ሐኪምም ፈጥኖ ያመልክት። ኦክሲቴትራሳይክሊንና ታይሎሲን የጀርሙን የፕሮቲን ሥራ ስለሚያግዱ በሽታው ሳይጠና ሲሰጡ ይረዳሉ። ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ ማስከተብ ነው፤ ክትባቱም በኢትዮጵያ በቢሾፍቱ፣ እንዲሁም በኬንያ ይዘጋጃል። መንጋ ወሰን ሲሻገር ደዌውም አብሮ ይሻገራልና፣ ጥንቃቄው በሁለቱም ወገን ሊሆን ይገባል።