ብራውዘሩ «አላምነውም» ሲለን፦ የድረ ገጽ ሰርተፍኬት እንዴት ይረጋገጣል?

መግቢያ

እንደሚታወቀው ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሳያጋጥመው አይቀርም። «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይላል። አብዛኞቻችን ታዲያ ምን እናደርጋለን? ከታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ፈልገን እንጫንና እናልፋለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እንዲያውም ከዚያ የባሰ አድርጌያለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲያልፍ አስተምሬያለሁ። በዚህች አጭር ጽሑፍ በተግባር ልምምድ ወቅት ያጋጠመኝን መነሻ አድርጌ፣ ብራውዘር የአንድን ድረ ገጽ ማንነት እንዴት እንደሚያረጋግጥ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ያጋጠመኝ ነገር

ለልምምድ በተመደብኩበት አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን ድረ ገጽ ወደ ኤችቲቲፒኤስ እንዳዛውር ታዘዝኩ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ የሚሰጠውን ሰርተፍኬት አወጣሁና ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት። በራሴ ላፕቶፕ በክሮም ከፈትኩት፤ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ጨርሻለሁ ብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ መዝገብ ክፍል የሚሠሩ አንዲት እናት ጠሩኝ። በፋየርፎክስ ነበር የሚሠሩት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሌባ አለ ይለኛል፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እኔም ሳላስብበት «ምንም አይደለም እትዬ፣ ከታች ያለውን ይጫኑና ይለፉ» አልኳቸው። አለፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሌላ ድረ ገጽ ላይ ያንኑ ማስጠንቀቂያ አይተው እንዳለፉትና የይለፍ ቃላቸውን እንዳስገቡ ነገሩኝ። «አንተ እንዳስተማርከኝ ነው ያደረግሁት» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ወዲያው የይለፍ ቃላቸውን አስቀየርኳቸውና ነገሩን ከሥሩ ማጥናት ጀመርኩ።

ለመሆኑ ሰርተፍኬት ምንድን ነው?

የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ማለት ኤክስ 509 በተባለው ስታንዳርድ የሚዘጋጅ አነስተኛ ፋይል ነው። በውስጡ የድረ ገጹ ስም፣ የአደባባይ ቁልፉ፣ የሚያገለግልበት ጊዜ መጀመሪያና መጨረሻ፣ የሰጪው ድርጅት ስምና የሰጪው ዲጂታል ፊርማ ይገኛሉ። ከቀበሌ መታወቂያ ጋር ብናመሳስለው ይገባናል። መታወቂያውን የምናምነው ካርቶኑን አይተን ሳይሆን ማኅተሙን አውቀን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነገር አለ። መልእክቱ ከተመሰጠረ በቂ ነው እንላለን። ነገር ግን በሌላኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ ካላወቅን ምስጠራው ብቻውን ምን ይጠቅማል? ቤትን አጥብቆ ቆልፎ ቁልፉን ለሌባ እንደ መስጠት ነው።

ብራውዘሩ ምን ምን ይጠይቃል?

ብራውዘሩ በዋናነት የሚከተሉትን ያጣራል።

1ኛ. የፈረመውን ድርጅት አውቀዋለሁ ወይ?
2ኛ. ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም እኔ ከጠየቅሁት አድራሻ ጋር አንድ ነው ወይ?
3ኛ. የዛሬው ቀን በአገልግሎት ጊዜው ውስጥ ነው ወይ?
4ኛ. ሰርተፍኬቱ ከጊዜው በፊት ተሰርዟል ወይ?

ከነዚህ ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። ብራውዘሩ የሚያምናቸውን ድርጅቶች ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ሥር ሰርተፍኬቶች ይባላሉ። የሥሩ የግል ቁልፍ ቢሰረቅ ጥፋቱ ከባድ ስለሆነ ከኔትወርክ ውጪ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የየዕለቱንም ሰርተፍኬት አይፈርምም። ለመካከለኛ ሰርተፍኬት ብቻ ይፈርማል፤ መካከለኛው ደግሞ ለእኔና ለእናንተ ድረ ገጽ ይፈርማል። ስለዚህ ብራውዘሩ ሥሩን ያውቃል፣ የድረ ገጹን ሰርተፍኬት ከሰርቨሩ ይቀበላል፤ በመሃል ያለውን ቀለበት ግን ሰርቨሩ አብሮ ሊልክለት ይገባል።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ከሚያወጣቸው ፋይሎች አንዱ የድረ ገጹን ሰርተፍኬት ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ሙሉውን ሰንሰለት ይይዛል። እኔ የመጀመሪያውን ነበር የሰጠሁት። ታዲያ የእኔ ላፕቶፕ ለምን ከፈተው? አንዳንድ ብራውዘሮች ሰርተፍኬቱ ውስጥ በተጻፈ አድራሻ ሄደው የጎደለውን ቀለበት ራሳቸው ያመጡታል፤ ፋየርፎክስ ግን እንዲህ አያደርግም። ብራውዘሬ ጥፋቴን ሸፈነልኝ ማለት ነው። በኦፕንኤስኤስኤል ስፈትሸው የስህተት ቁጥር 21 ሰጠኝ፤ የመጀመሪያውን ሰርተፍኬት ማረጋገጥ አልተቻለም ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ አንዲት መስመር ቀይሬ ሙሉውን ሰንሰለት ስሰጠው 0 ሆነ። የእትዬም ፋየርፎክስ ዝም አለ።

የቀን አቆጣጠር ጉዳይ

አንድ ኮምፒውተር ግን አሁንም እምቢ አለ። ሰንሰለቱን ደጋግሜ ብፈትሽ ምንም ጉድለት አጣሁበት። በመጨረሻ የስክሪኑን ጥግ ሳይ ሳቄ መጣ። ባለቤቱ ቀኑን በእኛው አቆጣጠር አስተካክሎት ኖሯል። በእሱ በኩል ትክክል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ጊዜው ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ስለቀረ ሰርተፍኬቱ ገና አልተወለደም። የማዘርቦርድ ባትሪ ሲሞትም የሚፈጠረው ችግር ይኸው ነው። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ ሁሉም ድረ ገጽ በአንድ ጊዜ እምቢ ካለ መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ።

ማስጠንቀቂያው ለምን ይከበር?

እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለ የኔዘርላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ተሰብሮ በጉግል ስም የሐሰት ሰርተፍኬት ወጣ። የተጠቃው በዋናነት ኢራን ያሉ የጉግል ተጠቃሚዎች ነበሩ። የሐሰት ፊርማው እውነተኛ ማኅተም ስለነበረው ብዙ ብራውዘር አላወቀበትም። ክሮም ግን የጉግልን ቁልፎች ለይቶ ያውቅ ስለነበር አስጠነቀቀ፤ ጉዳዩ በይፋ የወጣውም አንድ ተራ ተጠቃሚ ያንን ማስጠንቀቂያ ዝም ብሎ ሳያልፍ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ብራውዘሮቹ ዲጂኖታርን ከዝርዝራቸው ሰረዙት፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሰረ።

በሌላ በኩል ቁልፉን ምልክት ያየ ሁሉ ድረ ገጹ ታማኝ ነው ማለት አይደለም። ሌባም ለራሱ አድራሻ ሰርተፍኬት ማውጣት ይችላል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 የቁልፉን ምስል ከአድራሻው አጠገብ አንስቶ በሌላ ምልክት የተካው ሰዎች ትርጉሙን እየሳቱት ስለተቸገረ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው የምንረዳው ብራውዘሩ እንዲያምነን ሥራው የእኛ መሆኑን ነው። ሙሉ ሰንሰለት እንላክ፤ ከአንድ በላይ በሆነ ብራውዘር እንፈትሽ፤ እድሳቱን አውቶማቲክ እናድርግ። እ.ኤ.አ. በ2025 በተወሰነው መሠረት የሰርተፍኬት ረጅሙ ዕድሜ ደረጃ በደረጃ አጥሮ ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ 47 ቀን ብቻ ስለሚሆን በእጅ እያደሱ መኖር አይቻልም።

ከሁሉም በላይ ግን ለተጠቃሚው «ዝም ብለህ እለፍ» አንበል። ልምምዴን ስጨርስ መዝገብ ክፍል ሄጄ እትዬን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ያንን ማስጠንቀቂያ ካዩ ቆም ብለው ሰው እንዲጠሩም ነገርኳቸው። «እኔማ መጀመሪያም ሰው ጠርቼ ነበር፤ አንተን» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እናንተም አንድ ቀን ስትጠሩ የምትሰጡትን መልስ ከወዲሁ አስቡበት እላለሁ። ቸር እንሰንብት።