መሬቱ ያንቺ፣ ቤቱ የሰው

ልጄ፣ በእቁብ ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ከጓደኞችሽ ጋር አዋጥተሽ ኮሎራዶ ውስጥ ሞባይል ሆም ፓርክ ልትገዢ መሆኑን ሰማሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጉልበቱም አለሽ። የምፈራው ጥድፊያሽን ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁና እስቲ ረጋ ብለሽ አድምጪኝ።

1. የምትገዢውን ለይተሽ እወቂ። በደህና ፓርክ ውስጥ ቤቱ የነዋሪው ነው፤ ያንቺ መሬቱ፣ መንገዱ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ ነው። የምትሰበስቢውም የቦታ ኪራይ ነው፤ ጣሪያ ሲያፈስ ባለቤቱ ይጠግናል። ሻጩ አሮጌ ቤቶቹን ጭምር ካሸከመሽ ግን ገቢው በወረቀት ላይ ከፍ ይላል እንጂ ጥገናው ይበላዋል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ስንቱ ቤት የፓርኩ፣ ስንቱ የነዋሪው እንደሆነ ጠይቂ።

2. ከመሬት በታች ያለውን አስመርምሪ። አዲስ ቀለም የተቀባ አጥር አያታልልሽ። ውሃው የከተማ ነው የጉድጓድ? ፍሳሹ ወደ ከተማው መስመር ይገባል ወይስ ሴፕቲክ ነው? ባለሙያ በቧንቧው ውስጥ ካሜራ ያስገባ። በአሮጌ ፓርኮች ኦረንጅበርግ የሚባል፣ ከተፈጨ እንጨትና ከሬንጅ የተሠራ የፍሳሽ ቧንቧ ይገኛል፤ እየከረመ ይጨፈለቃል። ዋናው የውሃ ቆጣሪ ያነበበውንም ከየቤቱ ቆጣሪ ድምር ጋር አስተያዪ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ውሃው መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ ከፋይዋም አንቺ ነሽ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

3. የቤቶቹን ዕድሜና የፓርኩን ፈቃድ አጣሪ። እ.ኤ.አ. ከጁን 15 ቀን 1976 ወዲህ የተሠሩት የፌዴራሉን የቤቶች ሚኒስቴር (ሃድ) ደንብ ያሟሉ ናቸው፤ የውጭ ግድግዳቸው ላይ ቀይ የብረት ምልክት አለ። ከዚያ በፊት የተሠሩትን አበዳሪም ኢንሹራንስም ይሸሻቸዋል። ወደ ዞኒንግ ቢሮ ደግሞ ራስሽ ሂጂ። ዛሬ ልሥራ ቢሉት የማይፈቀድ፣ ድሮ ስለነበረ ብቻ እንዲቀጥል የተተወ ፓርክ ብዙ ነው። አንድ ቤት ቢቃጠል በቦታው ሌላ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ።

4. ሻጩ የሚሰጥሽን የኪራይ ከፋዮች ዝርዝር በዓይንሽ አረጋግጪ። ማታ ሄደሽ በእግርሽ ተዘዋወሪ። መብራት የማይታይበት፣ የፖስታ ሳጥኑ በወረቀት የታጨቀ፣ ደረጃው ላይ ሣር የበቀለበት ቤት «ኪራይ ይከፍላል» ተብሎ ተጽፎ ታገኚ ይሆናል። ከዚያ የባንክ ገቢውን አስመጪና ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሪ። ባንክ ያልገባ ኪራይ የለም ብለሽ ቁጠሪ።

5. ብድሩንና ሽርክናውን ሳትጨርሺ አትፈርሚ። የንግድ ብድር ወርሃዊ ክፍያው ብዙ ጊዜ በ25 ወይም በ30 ዓመት ይሰላል፤ ቀሪው ዕዳ ግን በ5 ወይም በ10 ዓመት ባንዴ ይጠየቃል። ያን ቀን ወለድ ጨምሮ ቢጠብቅሽ ምን ታደርጊያለሽ? ከጓደኞችሽም ጋር ማን እንደሚወስን፣ መውጣት የፈለገ ድርሻውን በምን ዋጋ እንደሚሸጥ ጠበቃ ዘንድ ጻፉት። ዛሬ በመዋደድ የታለፈ ነገር ነገ ፍርድ ቤት ያደርሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

6. ነዋሪውን አታስጨንቂ። ይህን ከሁሉ አስበልጠሽ ያዢልኝ። ቤቱን ነቅሎ ማጓጓዝ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል፤ አሮጌው እንዲያውም መንገድ ላይ ይሰባበራል። ነዋሪው መሬት ስለሌለው ሲገዛ ያገኘው ብድር ከተለመደው ሞርጌጅ ወለዱ የከበደ፣ ጊዜውም ያጠረ ነው። ስለዚህ ኪራይ ስትጨምሪበት የትም አይሄድም፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ይህን አይተው ኪራይ የቆለሉ ባለሀብቶች ስለበዙ ሕግ መጣ። ኮሎራዶ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመርን ከልክላለች፤ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ በ2025 የቦታ ኪራይ ጭማሪን በዓመት 5 በመቶ ላይ ገድባለች። ሕጉ ባይኖርስ? አቅቶት ቤቱን ጥሎ የሄደ ሰው ባዶ ቦታና የሚፈርስ ቤት ነው የሚተውልሽ። በመጠኑ እየከፈሉ ሃያ ዓመት የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ዕዳሽን ከፍለው ይጨርሱልሻል።

7. ቀብድሽን ጠብቂ፣ ለመተውም ዝግጁ ሁኚ። ምርመራው እስኪያልቅ ቀብዱ የሚመለስ መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ቀኑንም አትርሺ። ኮሎራዶ ውስጥ ፓርክ ሲሸጥ ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ዋጋ እንዲያቀርቡ 120 ቀን አላቸው። በዚህ አትበሳጪ። የኖሩበትን መሬት ራሳቸው ቢገዙት ደግ ነው፤ አንቺም ያን ጊዜ ለምርመራሽ ተጠቀሚበት። ከነገርኩሽ አንዱ እንኳ ካልተሟላ ደላላው ቢያጣድፍሽም ቀብድሽን ተቀብለሽ ተመለሺ። ሌላ ፓርክ ይገኛል፤ የእቁብ ገንዘብ ግን በላብ የተገኘ ነው።