በሠርክ ጊዜ በዓባይ ዳር

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፥ እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት የፈጠረበትን ምክንያት በአጭር ቃል ያስረዱናል። ሰውንና መላእክትን ስሙን እንዲቀድሱ፥ ክብሩን እንዲወርሱ ፈጠራቸው፤ የቀሩትን ግን ለምግበ ሥጋና ለምግበ ነፍስ፥ ለአንክሮና ለተዘክሮ ፈጠራቸው ይላሉ። ይህን ትምህርት በቃሉ ያልያዘ ተማሪ የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ምግበ ሥጋ የሚለውን በየቀኑ ስንፈጽመው፥ አንክሮና ተዘክሮ የሚለውን ለጉባኤ ቤት ትተነዋል። እህሉን እንበላለን፤ ውኃውን እንጠጣለን፤ እንጨቱን እንቈርጣለን፤ ቆመን ግን አንመለከትም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ተረሳው ነገር ነው፤ ለምሳሌም ቀኑ ሲመሽ በዓባይ ዳር መመላለስን እንወስዳለን።

አንክሮ ማለት ማድነቅ ነው፤ ተዘክሮ ማለት ማሰብ፥ ማስታወስ ነው። ፍጥረትን አድንቆ ፈጣሪውን የማያስብ ሰው፥ የንጉሥ ደብዳቤ ደርሶት የማኅተሙን ማማር ሲያደንቅ፥ ደብዳቤውን ሳይከፍት የሚውል ሰው ይመስላል። በወንዝና በምንጭ ዳር ደም እያፈሰሱ፥ ቅቤ እየቀቡ ለውኃው የሚገዙ ሰዎች ስሕተታቸው ማድነቃቸው አይደለም፤ ማድነቅ ከሚያደርስበት ስፍራ ሳይደርሱ በመንገድ መቅረታቸው ነው። በሌላው ወገን ደግሞ፥ እኔ መንፈሳዊ ነኝና ዛፍና ውኃ ማየት ምን ይረባኛል የሚል ሰው አለ። በእኛ አስተያየት የዚህኛው ጕዳት ከፊተኛው እምብዛም አያንስም፤ ዐይኑ ያላየውን በአፉ ብቻ ስለሚያስብ፥ ማሰቡ ቃል ሆኖ ይደርቅበታልና።

ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ አንድ ትል ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ወደ ዛፉ ሲወጣ አይቶ እንደ ተመለሰ ሁላችንም ሰምተናል። እንግዲህ ዛሬ በማኅሌት የምንቆምበት ዜማ፥ አንድ ሰው ትልን ልብ ብሎ በማየቱ የተገኘ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ስለ ጊዜውም ጥቂት እንበል። ሠርክ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ነው፤ በዐሥራ አንድ ሰዓት የጌታችንን ወደ መቃብር መውረድ እናስብበታለን። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈ፥ ይስሐቅ በልቡ ሊያሰላስል ወደ ሜዳ የወጣው ቀኑ ሲመሽ ነበረ። አዳምና ሔዋንም እግዚአብሔር በገነት ሲመላለስ ድምፁን የሰሙት በመሸ ጊዜ ነው፤ በሰሙም ጊዜ በዛፎች መካከል ተሸሸጉ። ይህን አጥብቀን ልናስተውለው ይገባናል። ዛፍ ፈጣሪውን እንዲያሳስብ የተፈጠረ ሲሆን፥ ሰው ከፈጣሪው መሸሸጊያ አደረገው። ዛሬም ቢሆን ከኅሊናው ወቀሳ ለማረፍ ብቻ ወደ ልምላሜ የሚሸሽ ሰው የአዳምን ሥራ ይሠራል። በሠርክ ወደ ውኃ ዳር የሚወርድ ክርስቲያን ግን ከዛፉ ጀርባ ወጥቶ፥ ለተጠራበት ጥሪ አለሁ ሊል ይወርዳል።

አባቶቻችን ግዮን የሚሉት ዓባይ ከጣና ባሕር የሚወጣው በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። በዚያ ስፍራ ውኃው እጅግ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ፥ እንግዳ ሰው ቆሟል ወይስ ይሄዳል ብሎ ይጠራጠራል። ይኸው ጸጥተኛ ውኃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ በሞላ ጊዜ በጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል እየተወረወረ እንደ ነጐድጓድ ይጮኻል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የወንዙ ፊት አስቀድሞ ናስ፥ ቀጥሎ የወይን ጠጅ ይመስላል። ዓሣ አጥማጁ በደንገል ታንኳው ወደ ዳር ይቀዝፋል። በውኃው ላይ ባዘነበለው ቅርንጫፍ ጫፍ ትንሽዋ ወፍ የሣር ጎጆዋን አንጠልጥላለች፤ እጅ የላት፥ መርፌ የላት፥ በአፏ ብቻ ትሰፋዋለች። አብረዋት ከሚጮኹት ጋር ሆና የምታሰማውን ጫጫታ የሠርክ ምስጋና ብንለው ማን ይቃወመናል?

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። ከጣና የሚወጣው ውኃ፥ ዓባይ የኢትዮጵያን ድንበር ሲሻገር ከሚይዘው ውኃ ከዐሥር አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን የሚሰጡት በሽሎ፥ ጀማ፥ ሙገር፥ ጉደር፥ ዴዴሳ፥ ዳቡስና ስማቸው ከቀበሌያቸው ያልወጣ እልፍ ጅረቶች ናቸው። ስሙን ግን ዓባይ ብቻ ይዞታል። አንባቢ ሆይ፥ በቅዳሴ ጊዜ ድምፁ የሚሰማውን ካህን ስታመሰግን፥ ዕጣኑን ያዘጋጀውን፥ ደወሉን የደወለውን፥ በሌሊት ተነሥታ የመገበሪያውን ስንዴ የለቀመችውን እናት ታስባለህን?

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ በዘመን አቈጣጠሯ ውስጥ አስገብታዋለች። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለውን የክረምት ክፍል በመብረቅ፥ በነጐድጓድ፥ በባሕርና በአፍላግ ስም ትጠራዋለች፤ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለውን ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፥ ደሰያት ትለዋለች። የቍራ ጫጩቶች በስማቸው የሚጠራ ዘመን ተሰጣቸው ማለት ነው! ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውም የአበባ ዘመን ነው። ስለ አፍላግ እያዜምን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ወንዝ ወርደን ካላየን፥ ለተማሪዎቻችን ምን ልናስረዳ ነው?

አበባን ካነሣን ዘንድ ስለ እምቦጭ ሳንናገር አናልፍም። ይህ አረም በ2004 ዓመተ ምሕረት ገደማ በጣና ታይቶ፥ በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ሸፍኖ ብርሃንና አየር ከውኃው ከልክሏል፤ የዓሣ አጥማጁንም መንገድ ዘግቷል። አበባው ግን ሐምራዊና ውብ ነው። ታዲያ እግዚአብሔር ክፉ ፈጠረ እንበልን? አይደለም። በትውልድ ስፍራው በደቡብ አሜሪካ ቅጠሉን የሚበሉ ነፍሳት አብረውት ስለ ተፈጠሩ በልኩ ይኖራል፤ ከልኩ ያወጣው ከስፍራው ወደማያውቀው ውኃ ያዛወረው ሰው ነው። ገበሬዎች፥ መነኮሳትና ተማሪዎች በውኃው ውስጥ ቆመው በእጃቸው ሲነቅሉት መታየታቸው፥ ተዘክሮ በአፍ ብቻ እንዳይደለ ያሳያል። እኛስ? በጥምቀት ወደ ወንዝ ወርደን፥ ውኃውን ባርከን፥ ተረጭተን ስንመለስ፥ በዳሩ የፕላስቲክ ጠርሙስ በትነን እንሄዳለን። የባረክነውን ማቈሸሽ ምን እንደሚባል የንስሐ አባቶች ቢያስረዱን መልካም ነበረ።

ወደ ወንዙ ዳር መውረድ የሚሻ ሰው ብዙ መሰናዶ አያስፈልገውም። የሠርኩን ጸሎት ያድርስ፤ ልጆቹን ያስከትል፤ ስልኩን በቤቱ ይተው፤ ብዙም አይናገር። የመመለሻውን ሰዓት ግን ይጠንቀቅ። በ103ኛው መዝሙረ ዳዊት ቀኑ ለሰው ሥራ፥ ሌሊቱ ለአራዊት እንደ ተመደበ ተጽፏል፤ በዓባይ ዳርም ይህ ምደባ በዐይን ይታያል። ቀኑን በውኃ ውስጥ የዋለው ጉማሬ ሲጨልም ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ይበላል፤ በእርሱና በውኃው መካከል የቆመውንም ሰው አይታገሥም። ስለዚህ ፀሐይ እንደ ገባች ዳሩን ለባለ ተራው ይልቀቅለት።