ሜዳሊያ ቆጠራ እንደ መለኪያ፦ የፌልፕስና የሌዴኪ ንጽጽር

ዋናተኞችን በሜዳሊያ ብዛት ማነጻጸር የተለመደ ቢሆንም፣ መለኪያው ሁለት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛ፣ የብልጫን መጠን ይሰውራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ማይክል ፌልፕስ የ100 ሜትር ቢራቢሮ ዋናን ያሸነፈው በ0.01 ሰከንድ ነበር። በ2016 ሪዮ ላይ ኬቲ ሌዴኪ በ800 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ተከታይዋን ከ11 ሰከንድ በላይ ቀደመች። ብልጫው ከአሸናፊው ሰዓት አንጻር ሲሰላ በቅደም ተከተል 0.02 እና 2.3 በመቶ ገደማ ነው፤ በቆጠራው ግን እያንዳንዱ አንድ ወርቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የመወዳደር ዕድሉ እኩል አልነበረም። ሌዴኪ የሴቶች 1500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ2013 ብትሰብርም፣ ርቀቱ በኦሊምፒክ የተካተተው በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር ነው።

ስለዚህ የፌልፕስ 23 እና የሌዴኪ 9 ወርቆች ሲነጻጸሩ፣ የብልጫው መጠንና የተከፈተው የውድድር ዕድል አብረው ሊመዘኑ ይገባል።