ስልክ ባለበት ቤት የንባብ ልማድ እንዴት ይተከላል?

የንባብ ልማድ ማለት በታወቀ ሰዓትና ቦታ፣ ያለ ጉትጎታ፣ መጽሐፍ ገልጦ መቀመጥ ነው። ብዙዎች ልማዱን የሚጀምሩት መጽሐፍ በመግዛት ነው፤ ሥራው ግን የሚጀምረው ከስልኩ ነው። ቲክቶክና ፌስቡክ ማለቂያ እንዳይኖራቸው ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፣ ያልቃል፣ ካቆሙትም ጠርቶ አያስታውስም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በየቀኑ መጽሐፉን መምረጥ ለጠንካራ ሰውም ይከብዳል።

ስለዚህ በቅድሚያ ስልኩ ከማንበቢያው ክፍል ይውጣ። ድምፁን ማጥፋትና ገልብጦ ማስቀመጥ በቂ ላይሆን ይችላል። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉ ሰዎች ትኩረት በሚጠይቁ ፈተናዎች ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል፤ የሁሉም ስልክ ድምፅ ግን ጠፍቶ ነበር። በኋላ የተደገሙ ሙከራዎች ሁሉ ይህንን ባያረጋግጡም፣ ስልክን ማራቅ ምንም አያስወጣም። ለማንቂያ ደወል ሲባል ስልክ ትራስ ሥር የሚያሳድር ሰው ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ቢገዛ ይሻለዋል። የታመመ ቤተሰብ ያለው ወይም ከውጭ ጥሪ የሚጠብቅ ደግሞ ዳታውን ብቻ ያጥፋ፤ መደበኛው የስልክ ጥሪ ይገባል፣ የቴሌግራም ግሩፑ ጫጫታ ግን ይቀራል።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይቆረጣል። "ጊዜ ሲገኝ" የሚባል ሰዓት የለም። የሚበጀው ንባቡን ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ማያያዝ ነው፦ ከቁርስ በፊት፣ ቡናው እስኪፈላ፣ ወይም እራት እንደተነሣ። ቀኑን በሥራ ለሚደክም ሰው ማለዳው ይሻላል፤ አልጋ ላይ የሚጀመር ንባብ አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፍ ይቋጫል።

ከሰዓቱ ጋር የዕለቱ ድርሻም መወሰን አለበት፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋውም ይህ ነው። በኢትዮጵያ ግን የቆየ ምሳሌ አለው። ዳዊት የሚደግሙ ምእመናን 150ውን መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ይዘውታል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ያለው ይደገማል። ሙስሊሞችም ቁርኣንን በ30 ጁዝ ከፍለው በረመዳን በቀን አንድ ጁዝ ይቀራሉ። ድርሻው አስቀድሞ ስለተቆረጠ "ዛሬስ ምን ያህል ላንብብ?" የሚል ክርክር አይነሣም። ለዓለማዊ መጽሐፍም ይኸው ይሠራል። በቀን 10 ገጽ የሚያነብ ሰው ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ በ30 ቀን ይጨርሳል፤ በዓመት 12 መጽሐፍ ማለት ነው። 10 ገጽ ለሚከብደው 5 ይበቃል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚስብ ይሁን። ከንባብ ለራቀ ሰው እንደ በዓሉ ግርማ "ከአድማስ ባሻገር" ያለ ልብ ወለድ ጥሩ መግቢያ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ አለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" ወፍራም ስለሆነ ልማዱ ጥቂት ከጠና በኋላ ቢመጣ ይመረጣል። ሃምሳ ገጽ ተነቦ ያልያዘን መጽሐፍ ማስቀመጥ ነውር የለበትም። ያልወደዱትን መጽሐፍ ለመጨረስ መታገል ብዙ ጀማሪዎችን ከንባብ አባርሯል።

ሶፍት ኮፒ ለሚያነብ ችግሩ ይብሳል፤ መጽሐፉና ረባሹ ያሉት አንድ ስልክ ውስጥ ነውና። የታተመ መጽሐፍ በሚገኝበት ቦታ እሱ ይቅደም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ግን ስልኳ ብቸኛው ቤተ መጻሕፍቷ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መጽሐፉን አስቀድሞ አውርዶ፣ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። ያለ ፈቃድ በቴሌግራም የሚዘዋወር ፒዲኤፍ ደራሲውን እንጀራ ያሳጣል፤ መግዛት የሚችል ይግዛ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እንደተነበበ እጅ ስልክ ይፈልጋል። አንድ ቃል መፈተሽ ያምራል፣ ያልተደወለለት ሰው ትዝ ይላል። ለዚህ ወረቀትና እርሳስ አጠገብ ይቀመጥ፤ የመጣውን ሐሳብ ጽፎ ወደ ገጹ መመለስ ነው። ጉዳዩ ከንባብ በኋላ ይፈጸማል።

አንድ ቀን ቢዘለል በማግስቱ የተለመደውን ድርሻ ብቻ ማንበብ እንጂ ያመለጠውን ደርቦ ለመክፈል መሞከር አይገባም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው እንዳዩት፣ አንድ ቀን መዝለል ልማድን አያፈርስም። አንድ ልማድ ያለ ማሰብ እስኪሠራ የሚወስደውንም ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን፣ በአማካይ 66 ቀን ብለው ገምተዋል። መስከረም 1 ለጀመረ ሰው 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ነው። ጥናቱ ያየው ግን ከአመጋገብ፣ ከመጠጥና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ ልማዶችን ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ ውሃ ከመጠጣት ይከብዳልና ኅዳርም አልፎ ገና የሚታገል አንባቢ ተስፋ ቆርጦ አይተው።