ከሁዳዴ በኋላስ ማን አብሮት ይዋል?



በሞጆ ደረቅ ወደብ ዙሪያ የጅቡቲ ጭነት መኪናዎች ወረፋ ይጠብቃሉ። ሾፌሩና ረዳቱ ቀኑን በሙቀት፣ ሌሊቱን በሐሳብ ያሳልፋሉ፤ አረቄና ቢራ ግን ሩቅ አይደለም። በዚያ ረዳት የሆነ አንድ ወንድማችን ሁዳዴን 55ቱንም ቀን መጠጥ ሳይቀምስ ጾመ። ሁላችንም አመሰገንነው። የትንሣኤ ቅዳሴ አልቆ ወደየቤታችን ስንበተን ግን "ከእኔ ጋር ዋል" ያለው አልነበረም። በዚያው ቀን ማታ ሰክሮ አገኘሁት። "መተው አላቃተኝም፤ ብቻዬን መዋል ነው ያቃተኝ" አለኝ። ይህ ንግግሩ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

እንግዲህ ትምህርታችን ይህ ነው፦ ከመጠጥ መራቅ በአንድ ሰው ብርታት ብቻ አይዘልቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም? ሐዋርያው ጳውሎስም ሸክምን ስለ መሸካከም በገላትያ 6፥2 ያስተምረናል።

እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ መጠጥ ካቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ ለሥራ ወደ አክረን ከተማ ሄዶ ሳለ ተፈተነ። ከሆቴሉ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስልክ ደወለ፤ በዚያም ምክንያት በመጠጥ ከሚቸገር ሐኪም ከቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ተደጋግፈው ቆሙ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ኅብረትም ከዚህ ተወለደ። ለአባልነት መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል፤ ክፍያ የለም፤ የአባል ስም በአደባባይ አይገለጥም። ኅብረቱ በአዲስ አበባም ስብሰባ አለው።

ስለዚህ ማቆም የሚሻ ሰው እንዲህ ያድርግ፦

1ኛ/ ዕለት ዕለት አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። በድንገት ማቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

2ኛ/ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን "እንደ እኔ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡት የት ነው?" ብሎ ይጠይቅ።

3ኛ/ በአቅራቢያው ከሌለ ለመጀመር ሁለት ሰው ይበቃል። ቀንና ሰዓት ይቁረጡ። እያንዳንዱ የራሱን ይናገር እንጂ ሌላውን አይገሥጽ፤ የተሰማው ከቤት አይውጣ። የቀረ ቢኖር በማግሥቱ ይጠየቅ።

እኛስ? በጽዋ ማኅበርና በዝክር "የበረከት ነው፣ ቅመስ" እያልን ያቆመውን ሰው በጠላ አናስገድድ። ያልፈላ ብርዝ ወይም ውኃ ቀድሞ ይቀመጥለት።

ወንድማችን እንደገና ጀምሯል፤ ዘወትር ዓርብ ማታ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ይገናኛል። መጪው ፋሲካ ሲደርስ በማን ቤት ይዋል? ወዳጆቼ፣ ከወዲሁ እንነጋገርበት።

እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።